ሮይላን ከከርነሉ ያወጣው

«ነገ እንዳትመጣ ነግሬያታለሁ። የልጄን አጥንት ብቻዬን እቀበላለሁ። ሰባት ወር ሙሉ አጠገቡ ተኝታ ሲስል እየሰማች ሐኪም ቤት ያልወሰደችው ሴትዮ ምን ልታይ ነው የምትመጣው? ሥራዋን ልታይ?»

ይህን ያሉት የሮይላን እናት ኤርሚንያ ናቸው። የተናገሩትም ለጎረቤታቸው ለሱሌማ ነው፤ በእኛ ሕንጻ ለሱሌማ መንገር ማለት ለሦስቱም ፎቅ መንገር ማለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ መጨረሻ የሚሰማው ራሱ ነው። የምራታቸው የዳይሚ ጆሮ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። የመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ መስኮት የሚከፈተው ወደ ደረጃው ነው፤ መስታወቱ ከረገፈ ቆይቷል። እሷ ደግሞ ከባልዲው በጣሳ ውሃ ቀድታ ራሷ ላይ ልታፈስ ነበር። እጇን እንዳነሳች ቀረች። ውሃውን ብታፈሰው ይሰማል፤ ከተሰማ ደግሞ መስማቷ ይታወቃል። ሱሌማ ወሬውን ወደ እንቁላል ወረፋ እስክታዞረው፣ ሁለቱ በሮች ተራ በተራ እስኪዘጉ ድረስ፣ ሳሙናው ዓይኗን እያቃጠላት ቆመች።

ሮይላን ከሞተ ሁለት ዓመት ሞላው። ሃቫና ውስጥ የሞተ ሰው መሬቱን የሚይዘው ለሁለት ዓመት ነው። ከዚያ ቤተሰብ ይጠራል፣ መቃብሩ ይከፈታል፣ አጥንቱ ተለቅሞ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ቦታው ለሌላ ሟች ይለቀቃል። ሬሳ ሲቀበር ያላለቀሰ ሰው እንኳ ያን ቀን ያለቅሳል። የሮይላን ቀን ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ዛሬ ረቡዕ ነው። የጥሪው ወረቀት የመጣው በእናትየው ስም ስለሆነ ማን ገብቶ እንደሚቆም የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ቤቱም በእሳቸው ስም ነው። ዳይሚ የምትሄድበት የላትም፤ እሳቸውም የሚያባርሩበት ሕግ የላቸውም። ስለዚህ ባልና ልጅ የሞተባቸው ሁለት ሴቶች፣ ሁለት የጨው ዕቃ፣ ሁለት መጥበሻና አንድ ምድጃ ይዘው ይኖራሉ። ምድጃው እስከ ቀትር የኤርሚንያ ነው፣ ከቀትር በኋላ የዳይሚ። ማንም ተነጋግሮ አልወሰነውም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እዚያ ቤት ያለው ዝምታ ግን ከነቀዘ ቆይቷል።

ዳይሚን ያንገበገባት ሐሜቱ ሐሰት መሆኑ አልነበረም። ሐሰት መሆኑን ራሷ አለማወቋ ነበር። ሮይላን ይስል ነበር፤ አዎ። «ሲጋራውን ተው» ትለው ነበር። «አቧራ ነው፣ እነዚህ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለውን አቧራ ብታዪው» ይላት ነበር። በሃቫና አቧራ የሌለበት ሳንባ የለምና አመነችው። በፌብሩዋሪ ራሱ «ደረቴን ልታይ» አለ፣ በሜይ ሞተ። ከሞቱ አሟሟቱ እንዲሉ፣ ለሁለት ዓመት ያላስተኛት ያ አጭር ጊዜ ነው። አይታ ነው ያላየችው? ሚስት አይደለችም እንዴ? የገዛ ባልዋ ከአንሶላው ሥር ሲያልቅ ምን እያየች ነበር? ኤርሚንያ ደረጃው ላይ የሚሉትን እሷ ትራሷ ላይ ስትለው ነው የኖረችው።

ልብሷን ለባብሳ ወደ ክፍሏ ገባችና ያላሰበችውን አደረገች፤ የሮይላንን ኮምፒውተር ከተሸፈነበት አንሶላ ገለጠችው። ፎቶዎቹን ልታይ ፈለገች። ያን የመጨረሻውን ዓመት በተራ ደርድራ፣ ፊቱ መቼ መክሳት እንደጀመረ በዓይኗ ልታይ። ማሽኑ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነካም። ሶኬቱን ስትሰካው ማራገቢያው አጉረመረመና ጥቁሩ መስታወት ላይ ነጭ ጽሑፍ መፍሰስ ጀመረ። ሮይላን በሥዕል ያጌጠ መስኮት አይወድም ነበር፤ ከማሽን ጋር የሚነጋገረው በጽሑፍ ብቻ ነው፤ «ሥዕል ለሚኮርጅ ሰው ነው» ይል ነበር። የይለፍ ቃሉን ታውቀዋለች። ከገባች በኋላ ምን ብላ እንደምትጀምር ጠፋባትና ወደ ላይ የምትመልሰውን ቁልፍ ተጫነች።

ይህን ባታደርግ ይሻላት ነበር። ቁልፏን አንዴ ስትጫን ሮይላን መጨረሻ የጻፈው ትእዛዝ መጣ፤ ማሽኑን ያጠፋበት። ደግማ ስትጫን ከዚያ በፊት የጻፈው። እንደገና፣ ከዚያ በፊት የነበረው። ማሽኑ ሁሉንም አስቀምጦታል፤ ስህተቱን ሳይቀር። ሮይላን «ፎቶ» ብሎ ሲጽፍ ሁልጊዜ ሁለት ፊደል አቀያይሮ ይስታል፣ ከዚያ ይሳደባል፣ ከዚያ አስተካክሎ ይጽፈዋል። ስድቡ ብቻ ነው የጎደለው። መጀመሪያ የታረመው ይመጣል፣ ቀጥሎ የተሳተው፣ ደግሞ የታረመው፣ ደግሞ የተሳተው። የሟች ሸሚዝ ሲታጠብ ሽታው ይለቃል፤ የጣቱ ስህተት ግን እንዲህ ሳይለቅ ይቆያል ብላ አልጠበቀችም። ዞር ብላ በሩን አየች። ማንም የለም።

ፎቶዎቹን አገኘቻቸው። ማሽኑ ነገ ከነገ ወዲያ ቢሞት እንኳ እንዲተርፉ ሲዲ ላይ ልትገለብጣቸው አሰበችና የሲዲ ማንበቢያውን ቁልፍ ተጫነች። ያኔ ነው ትዝ ያላት፤ ማንበቢያው ተቃጥሏል። ሮይላን ራሱ ነበር የነገራቸው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጥቶ አቃጠለው ብሎ። ሕንጻው በሙሉ ተከታታይ ድራማ የሚያስገለብጠው እሱ ዘንድ ስለነበር ሐዘኑ የጋራ ነበር፤ ሱሌማ ለሳምንት አኩርፋለች። ማንበቢያው ግን ሳያንገራግር ምላሱን አወጣ። ምላሱ ላይ አንድ ሲዲ አለ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በማታውቀው እጅ፣ አራት ቁጥር ተጽፎበታል፦ 4417። ሌላ ምንም የለም።

መጀመሪያ ሴት ናት ያለችው። አትፍረዱባት። ባሏ የደበቀባትን ነገር ያገኘች ሚስት ሁሉ መጀመሪያ የምታስበው ያንኑ ነው፤ ሴት ብትሆን ኖሮ ደግሞ በስንት ጣዕሟ። ሲዲውን መልሳ አስገባችና ማሽኑን ጠየቀችው። ማሽኑ እንዲህ ያለ ዕቃ አላውቅም አለ። ዳይሚ የዋዛ አይደለችም፤ በሰፈሩ የኮምፒውተር ክበብ ለጡረተኞች ደብዳቤ መጻፍ የምታስተምረው እሷ ናት፤ ዘጠኝ ዓመትም ከሮይላን ትከሻ በላይ አጮልቃ አይታለች። ሽቦውን ነቅላ ሰካችው። ዕቃዎቹን ሁሉ አስቆጠረችው። ማሽኑ ዲስኩን ቆጠረ፣ ድምፅ ማውጫውን ቆጠረ፣ የተሰበረውን ማተሚያ እንኳ ቆጠረ፤ የሲዲ ማንበቢያውን ግን ዘለለው። መብራቱ የሚበራ፣ ምላሱ የሚወጣ፣ አጠገቡ ያለ ዕቃ፤ ማሽኑ ግን እንደሌለ ያየዋል። እንዲህ ያለ አተያይ ከአማቷ ታውቀዋለች።

ያኔ ወደ ከርነሉ ሄደች። ከርነል የማሽኑ እምብርት ነው፤ የትኛውን ዕቃ እንደሚያውቅ፣ የትኛውን እንደማያውቅ የሚወስነው እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ድራይቨር የሚባል አስተዋዋቂ ውስጡ ይቀመጣል። ሮይላንና መሰሎቹ ሌላው የሠራውን ከርነል አይቀበሉም፤ በራሳቸው እጅ፣ ከራሳቸው ማሽን ጋር ለክተው ይሠሩታል፤ የመረጡትን ሁሉ የያዘ ረጅም ዝርዝርም አብሮ ይቀመጣል። ዳይሚ ዝርዝሩን ከፈተች። በሺህ የሚቆጠር መስመር አለው። የሲዲ ማንበቢያውን ፈልጋ አገኘችው፤ ተቃጥሏል አይልም። «አልተመረጠም» ይላል። የፋይሉን ቀን አየች፤ ማርች 12፣ ከመሞቱ ከዓመት በፊት። ማንበቢያው አልተቃጠለም። ሮይላን ማርች 12 ቀን ቁጭ ብሎ፣ አስቦበት፣ ማሽኑ ያን ዕቃ እንዳያውቀው አድርጓል፤ ከዚያም ወጥቶ ለሕንጻው ሁሉ ዋሽቷል።

ማንበቢያውን ለመመለስ የከርነሉ ምንጭ፣ የተጻፈበት ኮድ፣ ያስፈልጋል፤ ያውም የዚያው ዕትም ቁጥር፣ 2.6.26። ሮይላን ቦታ ለመቆጠብ አጥፍቶታል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማይ አይወርድም፤ ከሰው ዲስክ ነው የሚመጣው። የፕሮግራሞቹን ማከማቻ ሙሉውን ዲስክ ላይ ገልብጦ ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ ከሰፈር ሰፈር የሚዞር ሰው አለ፤ ከሁሉ የተሟላ ያለው ደግሞ ኤል ሴሮ ሰፈር የሚኖረው የሮይላን ጓደኛ ኤልፒዲዮ ነው፤ መቶ ሃያ ኪሎ ስለሚመዝን ቀጭኑ የሚባለው። ዳይሚ ለክበቡ አሞኛል ብላ ስልክ ደወለችና ወጣች። ኤርሚንያ ማእድ ቤት ቆመው ጥቁር ባቄላ ይለቅሙ ነበር። ቀና አላሉም። አውቶቡሱ አርባ ደቂቃ አስጠበቃት፣ ሲመጣም በሩ ላይ ሰው ተንጠልጥሎ ነበር። በአንድ ፔሶ የኦቾሎኒ ጥቅል ገዛችና ምሳዋ ይኸው ሆነ። መንገዱን ሙሉ እዚያ ሲዲ ላይ ያለችውን ሴት ፊት ልትሥል ሞከረች። አልመጣላትም።

«አንቺ!» አለ ቀጭኑ በሩን ሲከፍት። «ሁለት ዓመት ጠፍተሽ ዛሬ? ሰው ወፍራም ጓደኛውን የሚያስታውሰው ሲቸግረው ብቻ ነው።»

«ቀጭኑ፣ ዛሬ ለቀልድ አልመጣሁም።»

«ለቀልድ የሚመጣ የለም፤ እኔን ሲያዩኝ ነው የሚጀምራቸው። ግቢ፣ ግቢ። እዚያ እንዳትቀመጪ፣ እግር የለውም።»

ክፍሉ አንድ ነው፤ አልጋውም ሱቁም እዚያው ነው። ግድግዳው ላይ የሚገለብጣቸው ፊልሞች ሽፋን ተለጥፏል፤ መሃል ላይ ከሩሲያ ልብስ ማጠቢያ ሞተር የተሠራ ማራገቢያ እንደ ሄሊኮፕተር ይጮሃል። ዳይሚ የምትፈልገውን ነገረችው፤ የምንጩን ቁጥር፣ ዝርዝሩ ላይ ያየችውን መስመር፣ ምላሱ ላይ ያገኘችውን ሲዲ። ቀጭኑ መጀመሪያ እየሳቀ፣ በኋላ ሳይስቅ አዳመጣት። ማራገቢያውን አጠፋው።

«ሲዲውን ይዘሽው መጥተሽ ቢሆን እዚሁ እናየው ነበር» አለ።

«ቤት ትቼው መጣሁ።»

«ረስተሽው?»

«አይደለም። ባሌ ማሽኑ ውስጥ የደበቀው ነገር ነው። እዚያው ማሽኑ ላይ፣ ብቻዬን ነው የማየው።»

ቀጭኑ አንገቱን ነቀነቀ። ካልሲውን ፈታና ዲስኩን ሰካ፤ ምንጩ ፍላሿ ላይ እስኪገለበጥ ትንሽ ጊዜ አለ። «ያኔ ስቄበታለሁ» አለ፣ ወደሷ ሳያይ። «ማንበቢያውን ከከርነሉ አወጣሁት ሲለኝ። ለምን አልኩት። ቀለል ያለ ከርነል ፈልጌ ነው አለኝ። እኛ መሃል ይሄ በሽታ አለ፤ ይሄም አያስፈልግም፣ ያም አያስፈልግም እያልን ማሽኑን ባዶ ቤት እናስመስለዋለን፣ ከዚያ ማን ነው ባዶ ያስቀረው እያልን እንፎካከራለን። ስለዚህ አመንኩት። የሰፈሩን ድራማ የሚገለብጥ ሰው ማንበቢያውን ያወጣል? ልጠይቀው ይገባ ነበር። አልጠየቅኩትም፣ ሳቅኩ።»

«ሁላችንም እኮ አልጠየቅነውም» አለች ዳይሚ፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት። ለአንድ ሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው።

«ስሚ፣ ሙሉውን ከርነል እንዳትነኪ» አለ ቀጭኑ ሲሸኛት። «አንዲት ነገር ከተሳሳትሽ ማሽኑ አይነሳም፤ የሱ ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ድራይቨሩን ብቻ ለብቻው ሥሪውና ከውጭ ጨምሪለት። ይቀበልሻል።»

ስትመለስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ቤቱ የባቄላና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ይሸታል፤ ኤርሚንያ ሳሎን ቁጭ ብለው ነጭ ጨርቅ ይተኩሳሉ። ነገ አጥንቱ የሚጠቀለልበት እንደሆነ ለመረዳት ጠንቋይ መሆን አላስፈለጋትም። ካውያው ጨርቁ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ክፍሏ ተከተላት። በሩን ዘጋች፣ ምንጩን ማሽኑ ላይ አወረደች፣ የሮይላንን ዝርዝር ከጎኑ አስቀመጠችና እሷ ራሷ ያቺን መስመር «ተመርጧል» አደረገቻት። ከዚያ ይሥራው ብላ ለቀቀችው። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ነጩ ጽሑፍ እየፈሰሰ፣ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከግድግዳው ወዲያ ካውያው እየሄደ። ሮይላን እንዲህ ሲጠብቅ ጥፍሩን ይበላ ነበር። የሷም ጥፍር አፏ ውስጥ መሆኑን ያወቀችው ሲያማት ነው።

ሲያልቅ ድራይቨሩን ለማሽኑ አቀረበችለት። ማሽኑ አልቀበልም አለ።

ደግማ ሞከረች፤ አልቀበልም አለ። ደሟ ፈላ፤ ሮይላን ራሱ ከውስጥ ሆኖ በሩን የያዘባት መሰላት። «ልቀቀው እንጂ!» አለችው፣ ድምፅ አውጥታ። ከዚያ እንደ ወጉ፣ ማሽኑ ለምን እምቢ እንዳለ የጻፈውን አነበበች። ድራይቨሩ የተሠራው ለሌላ ከርነል ነው ይላል። ሁለቱንም ስም አንዱን ከሌላው ጎን አስቀምጦታል። ያመጣሽው፦ 2.6.26። መሆን የሚገባው፦ 2.6.26፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ አንድ ቃል።

ይህን መርሳቷ አናደዳት፤ ጡረተኛ ተማሪዎቿ እንኳ ቢሰሙ ይስቁባታል። እነዚህ ሰዎች ከርነል ሠርተው ስም ሳይሰጡት አያድሩም። ቀጭኑ የራሱን በቤዝቦል ቡድኑ ስም ነው የሚጠራው። ሮይላን አንዴ በውሻ ስም ጠርቶታል፣ አንዴ በስድብ፣ ሲጋቡ ደግሞ በሷ ስም። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለችው ቃል ለማሽኑ ጌጥ አይደለችም፤ ያቺን ቃል ያልያዘ ድራይቨር ባዕድ ነው፣ አይገባም። ዳይሚ ይህንን የመጨረሻውን ከርነል ምን ብሎ እንደጠራው አይታ አታውቅም ነበር። አሁን አየችው። በትንንሽ ፊደል፣ ያለ ምንም ምልክት፣ ይቅርታ ይላል።

ለምን ያህል ጊዜ እንዳየችው አታውቅም። ዓመት ከሁለት ወር፣ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር፣ በየጠዋቱ፣ ከሁሉ ነገር በፊት ያችን ቃል ለራሱ ይናገር ነበር። እሷ ከኋላው አልፋ ፀጉሯን ታበጥር ነበር፣ ቁልፏን ትፈልግ ነበር፣ ሳሉን ትሰማ ነበር። ማንን ነው ይቅርታ የሚለው? ሴት የደበቀ ባል ይህን ቃል በየጠዋቱ ለራሱ አያስነብብም፤ አሁን እዚያ ሲዲ ላይ ሴት እንደሌለች አወቀች። ስሙ የሚጻፍበትን ቦታ ከፈተችና ያቺን ቃል ራሷ ጻፈቻት፤ ማሽኑ ያለዚያ አይቀበላትም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ስትመታቸው የምትሰጠው ይሁን የምትጠይቀው አልለየላትም። ሁለተኛ ጊዜ እንዲሠራው ለቀቀችው፤ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል። ከግድግዳው ወዲያ ካውያው ቆሟል።

አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ድራይቨሩ ገባ። የማንበቢያው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም አለና ሲዲው መሽከርከር ጀመረ። ያን ድምፅ ቤቱ ከሦስት ዓመት ወዲህ አልሰማውም፤ መጀመሪያ እንደ ማጉረምረም፣ ከዚያ እየቀጠነ እየቀጠነ የሚሄድ። ሮይላን ቤት ውስጥ አለ ማለት ያ ድምፅ ነበር። ማሽኑ ዕቃውን በስሙ ጠራው። ዳይሚ ከፈተችው፤ ፊልም አይደለም፣ ደብዳቤ አይደለም፣ ፎቶ አይደለም። ሥዕሎች ናቸው፤ ከነሱ ጋር አንድ አጭር ጽሑፍ። የሆስፒታል ምርመራ ነው። ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥር 4417፣ ዕድሜ ሠላሳ አራት፣ ደረት፣ ማርች 11። እሷን «ደረቴን ልታይ» ካላት ቀን አሥራ አንድ ወር ቀድሞ። ነፍሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰች፤ ወዲያውም በመተንፈሷ አፈረች። እሷ አልነበረችም። ያውቅ ነበር። ሳሉ ከመጀመሩ በፊት ያውቅ ነበር። የመጀመሪያውን ሥዕል ከፈተች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ግራጫና ጥቁር፣ የጎድን አጥንቶች፣ ምንም የማይታይበት ጭጋግ።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ኤርሚንያ ናቸው። የተኮሱት ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አለ፤ ፊታቸው እንደ ጨርቁ ነጥቷል። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ያን ደፍ አልፈው አያውቁም ነበር። ድምፁ ነው ያመጣቸው። አልጋውን አዩ፣ ወንበሩን አዩ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው አዩ፤ ማንን ሊያዩ እንደመጡ ከዓይናቸው ያስታውቃል። ከዚያ መስታወቱ ላይ ያለውን ሥዕል አዩ። ዳይሚ መደበቅ አልቻለችም። እውነቱን ለመናገር መደበቅም አልፈለገችም፤ ያን ቀን ሙሉ የለፋችው ለዚህች ሴትዮ ፊት ነበር። ይዩት፣ ማን እንደገደለው ይዩት ብላ ወንበሩን ገፋ አደረገች።

«እዚያ ላይ አታዪውም» አሉ ኤርሚንያ። «አሥራ አራተኛው ላይ ነው። በቀኙ በኩል።»

ዳይሚ አሥራ አራተኛውን ከፈተች። በቀኙ በኩል፣ ባቄላ የምታህል ነጭ ነገር ነበረች።

ማንበቢያው ድምፁን ቀንሶ ቆመ። ታች መንገድ ላይ ጋዝ ሻጩ እየጮኸ አለፈ። ኤርሚንያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ጨርቁን አልለቀቁም።

«እኔን ነው ይዞኝ የሄደው» አሉ። «ሐኪሙ አንድ ዓመት ነው የቀረው አለን። ቆርጦ ማውጣት አይቻልም አለን። ስንወጣ ደረጃው ላይ አስማለኝ፣ በእናቴ አጥንት። ዳይሚ ካወቀች በሽተኛ ታደርገኛለች አለ። ታስተኛኛለች፣ ቀንና ሌሊት ፊቴን ታያለች። ዓመቱን ሰው ሆኜ ልኑርበት አለ። አንቺ እየሳቅሽ እንድትቆዪለት ነው የፈለገው። ሲዲውን ስጠኝ ላቃጥለው ስለው፣ እማዬ ተዪው፣ እኔ ማሽኑ እንዳያውቀው አደርገዋለሁ አለኝ።»

«ሁለት ዓመት» አለች ዳይሚ። የራሷ ድምፅ አስፈራት። «ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ ናት የገደለችው እያሉ ለሕንጻው ነግረዋል። ዛሬም ጠዋት ብለዋል፤ ሰምቻለሁ። እኔ እኮ አመንኩዎት! እኔ ራሴ አመንኩዎት!»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?» አሉ ኤርሚንያ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። «እናቱ እያወቀች ባቄላ ስትቀቅልለት ነበር ልበላቸው? እሷ ባታውቅ ነው፣ እኔ ግን እያወቅኩ ዝም አልኩ ልበል? ለመሐላዬ ስል ልጄን በዓይኔ እያየሁ ቀበርኩት ልበል? አፌ የሚደርሰው አንቺ ጋ ብቻ ነበር። ሌላ ቅርብ የለኝም።»

ዳይሚ ልታዝንላቸው ፈለገች፤ አልቻለችም። ሮይላንም ላይ ተናደደች፤ ሁለቱን ሴቶች አንድ ቤት ውስጥ በአንድ ምስጢር ለያይቶ መሄዱን ዛሬ ነው ያየችው። ዓመቱን ስትስቅ ማየት ፈልጎ፣ ከዚያ በኋላ የምትኖረውን ዓመታት አላሰበላትም። ይቅርታ ብሏታል፤ እሺ፣ ብሏል። ለማሽኑ ነው እንጂ ለሷ አልነገራትም። ይህን ሁሉ ለሴትዮዋ ልትናገር አስባ ነበር፤ የወጣላት ግን ለቅሶ ነው፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያላለቀሰችው፣ አስቀያሚ፣ ንፍጥ ያለበት ለቅሶ። ኤርሚንያ እጃቸውን ወደሷ ዘረጉ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመና ተመለሰ።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ለጥበቃው ከኔ ጋ ናት እለዋለሁ። ነይ።»

ዳይሚ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

«እመጣለሁ» አለች። «እርስዎ ስለፈቀዱልኝ ግን አይደለም። አጠገብዎም አልቆምም። በዚያኛው በኩል ነው የምቆመው፤ መቃብሩ መሃላችን ይሁን።»

ኤርሚንያ «እሺ» አሉ።